ለሠራተኛዋ ተያዥ፣ ለሐኪሙ ዕድል

መቼም እኛ ማጣራት አናውቅም ተብለን አንታማም። ልጃችን ሊያገባ ሲል የልጅቷን አባት፣ የአባቷን አባት፣ ከዚያም አልፈን እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። «እናትየው አመለኛ ናቸው ይባላል» የምትል አንዲት ወሬ ለማጣራት ብቻ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ድረስ ሰው የሚልክ ቤተሰብ አለ። የቤት ሠራተኛ ስንቀጥር «ተያዥ አምጪ» እንላለን፤ የተያዡን መታወቂያ ፎቶ ኮፒ እናስቀራለን፤ የቀድሞ አሠሪዋ ዘንድ ደውለን «ለምን ወጣች?» ብለን እንመረምራለን። ያገለገለ መኪና ስንገዛ ደላላውን አናምንም። የራሳችንን መካኒክ ይዘን እንሄዳለን፣ ሞተሩን አስነስተን እናዳምጣለን፣ ቀለሙን በጥፍራችን ፈቅፈቅ አድርገን «ተጋጭታ ታውቃለች እንዴ?» እያልን ሻጩን እናፋጥጣለን። በግ እንኳ የምንገዛው ላቱን ጨብጠን ጥርሱን ገልጠን ነው።

ሆዳችንን ቀድዶ አንጀታችንን የሚነካውን ሰው ግን እንዴት እንደምንመርጥ ታውቃላችሁ? «የእህቴ የሥራ ባልደረባ አክስት እሱ ጋ ታክማ ነው የዳነችው።» በቃ! ምርመራው አለቀ። «እጁ መድኃኒት ነው» ከተባለማ ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ ሰው ሟርተኛ ነው። በሩ ላይ ያለው ወረፋ ረጅም ከሆነ ጎበዝ ነው። ፀጉሩ ሸበት ካለ ልምድ አለው። ግድግዳው ላይ በመስታወት የተሰቀለ ወረቀት ካለ፣ የምን ወረቀት እንደሆነ ጠጋ ብለን ሳናነብ፣ ውጭ አገር ተምሯል። በቴሌቪዥን ቀርቦ ስለ ስኳር በሽታ አሥር ደቂቃ ካወራ ደግሞ በማግስቱ የሐሞት ጠጠራችንን ይዘን እሱ ዘንድ ተሰልፈናል።

«እጁ መድኃኒት ነው» የሚለው ምስክርነት አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት። ምስክር ሆነው የሚቀርቡት የዳኑት ብቻ ናቸው። ያልዳኑት ቤት ሄዶ የሚጠይቅ የለም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ «ለመሆኑ ማን ነበር ያከማቸው?» ብሎ የሚጠይቅ ቢገኝ እንኳ ሽማግሌዎቹ «ተው እንጂ፣ ቀናቸው ደርሶ ነው» ብለው ዝም ያሰኙታል።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ራሱን ለሐኪም አሳልፎ ከመስጠቱ በፊት «ይህ ሐኪም ቅሬታ ቀርቦበት ያውቃል ወይ? ቀርቦበት ከሆነስ ምን ተወሰነ?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር አልሠራም። ድፍረትም አይደለም፣ ሐኪምን መናቅም አይደለም። መብቱ ነው። መልሱን ይዞ በመሳቢያ የሚቆልፍ መሥሪያ ቤት ካለ ግን ነውሩ ያለው እዚያ ነው።

እስቲ ሕጋችንን እንይ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰውን ስለ መግደል ይናገራል። በዚሁ አንቀጽ ሁለተኛው ንዑስ ክፍል ላይ የሌላውን ሰው ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ላለባቸው ሰዎች ምሳሌ ሲሰጥ ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ሐኪምና አሽከርካሪ። ልብ በሉ! ሕግ አውጪው ሁለቱን በአንድ ወንበር ያስቀመጣቸው የሁለቱም ስህተት ሰው ስለሚገድል ነው። አሁን ደግሞ ልዩነቱን ተመልከቱ። አሽከርካሪው ፊትና ኋላው ላይ ቁጥር ለጥፎ ነው የሚሄደው። ትራፊክ ሲያስቆመው መንጃ ፈቃዱን ያወጣል። ሚኒባስ ላይ ስንሳፈር እንኳ ሾፌሩ ቢያፈጥን «ኧረ ቀስ በል!» ብለን እንጮህበታለን። ሐኪሙ ዘንድ ስንገባ ግን ሙሉ ስሙን እንኳ ሳናውቅ የምንወጣ ስንት ነን? «አንድ ቀይ፣ መነጽር ያደረገ ዶክተር ነው ያየኝ» እንላለን።

ሕግ የለም ማለት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለሙያ የሙያውን ደንብ ጥሶ ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ይናገራል። በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 661 የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ ቁጥጥርን በአንድ ባለሥልጣን እጅ አስገባ። በበሽተኞችና በቤተሰቦቻቸው የሚቀርበውን ቅሬታ የሚመረምር የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴም በፌዴራል ደረጃ ሲሠራ ቆይቷል። በ2011 ዓ.ም. ባለሥልጣኑ ምግብንና መድኃኒትን ብቻ ይዞ ሲቀር ባለሙያውን የመቆጣጠሩ ሥራ ወደ ጤና ሚኒስቴር ሄደ። ኮሚቴው የሦስት ዓመት ሥራውን ገምግሞ በሕክምና መጽሔት ላይ ማውጣቱም የሚያስመሰግነው ነው። ከግምገማው የምንረዳው አብዛኞቹ ቅሬታዎች ላይ ጥፋት እንዳልተገኘ፣ በጥቂቶቹ ላይ ግን መገኘቱን ነው። ጥሩ! ታዲያ እነዚያ ጥቂቶቹ እነማን ናቸው? ተቀጥተው ተመልሰው የት ነው የሚሠሩት? ነገ ጠዋት እህቴ ልትወልድ የምትገባው የማን እጅ ላይ ነው? ተራው በሽተኛ ከፍቶ የሚያነበው፣ ስም ያለው የውሳኔ መዝገብ ሲሰጠው እኔ አላየሁም።

አንድ የማውቀው ሰው ባለቤቱ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ቁስሉ አልድን አላት። ተመልሳ ተከፈተች፣ አሁንም አልሆነም። በመጨረሻ ሌላ ሐኪም ቤት ወሰዷት። እዚያ አንዲት ነርስ ፋሻውን እየቀየረች ቀስ ብላ ምን ብትላት ጥሩ ነው? «እሱ ጋ ነው እንዴ የተሠራሽው? ከእሱ ዘንድ ስትመጪ ሦስተኛዋ ነሽ።»

ሦስተኛዋ! ነርሷ ታውቃለች። ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ያውቃል። የተበላሸውን የሚያርመው ሐኪም ያውቃል። ምናልባት ዘበኛውም ሳያውቅ አይቀርም። የማታውቀው ሆዷን ሰጥታ የተኛችው ብቻ ናት። ካላመናችሁኝ የምትቀርቡትን ሐኪም «እናትህ ብትታመም ማን ጋ ትወስዳታለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። አንድ ደቂቃ አያስብም። «እገሌ ጋ» ይላችኋል። ዝቅ ባለ ድምፅ ደግሞ «እገሌ ጋ ግን እንዳትሄዱ» ይላችኋል። እንግዲህ መዝገቡ አለ ማለት ነው! በሐኪሞቹ ጭንቅላት ውስጥ፣ በነርሶቹ ሹክሹክታ ውስጥ ተጽፎ አለ። ሐኪም ዘመድ ያለው ያነበዋል። ሐኪም ዘመድ የሌለው ድሃ ግን በዕድሉ ይገባል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ይህ የኛ አገር በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ ቴክሳስ ክሪስቶፈር ደንች የሚባል የነርቭና የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ዳላስ አካባቢ ሥራ ጀመረ። በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ከ30 የሚበልጡ በሽተኞቹ ተጎዱ፤ ሁለቱ ሞቱ፤ በዊልቸር የቀሩም አሉ። እንዴት ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ተባለ? አንዱ ሆስፒታል ጉዱን ካየ በኋላ አላባረረውም፤ በገዛ ፈቃዱ እንዲለቅ አደረገ፣ ቅሬታ የለብንም የሚል ደብዳቤም ይዞ ወጣ። ለአገሪቱ የሐኪሞች መረጃ ቋት ምንም አልተላከም። ቀጣዩ ሆስፒታል መዝገቡን ቢያይ ንጹሕ ሆኖ አገኘውና ቀጠረው። በመጨረሻ ያስቆሙት ሁለት ሌሎች ሐኪሞች ናቸው፤ ሮበርት ሄንደርሰንና ራንዳል ከርቢ። እሱ ያበላሸውን ሲያርሙ አይተው ደወሉ፣ ጻፉ፣ ጮኹ። የቴክሳስ የሕክምና ቦርድ ፈቃዱን ያገደው በ2013 ነው። በ2017 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማር። አንደኛው፣ መዝገብ መኖሩ ብቻውን አያድንም፤ «በሰላም ይሂድልን» የሚል ይሉኝታ መዝገቡን ባዶ ያደርገዋል። ሁለተኛው፣ ክፉውን ሐኪም ያስቆሙት ራሳቸው ሐኪሞች ናቸው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ሐኪሞችን ለመውቀስ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ሌሊት ተጠርቶ እንቅልፍ ባጣ ዓይኑ ሰው የሚያድነው፣ ደሞዙ ለቤት ኪራይ እንኳ የማይበቃው፣ ጓንት ሲጠፋ ከኪሱ የሚገዛው ሐኪም ስሙ ከሰነፉ ጋር አብሮ ሲነሳ ዋናው ተጎጂ እሱ ነው።

ይህን በቁጥር ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 ስለ አውስትራሊያ የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ወደ 19 ሺህ የሚጠጉ የበሽተኛ ቅሬታዎችን መረመረ። የተገኘው ውጤት የሚገርም ነው፤ ከአገሪቱ ሐኪሞች 3 በመቶው ብቻ ከጠቅላላው ቅሬታ 49 በመቶውን ይዘዋል። 1 በመቶው ብቻ ሩቡን ያህል! ነገ ማን ላይ ቅሬታ እንደሚቀርብ ለመገመት ከሚረዱት ነገሮች ዋነኛው ደግሞ ትናንት ስንት ጊዜ ቀርቦበታል የሚለው ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ የቅሬታ መዝገብ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ስለሚመጣውም የሚነግረን ነገር አለው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይኼ ነው።

አሁን የሚነሱትን ተቃውሞዎች እንስማ፤ ስሰማቸው ኖሬያለሁና።

«የባለሙያው ስም ይጠፋል» ይላሉ። ክስ የቀረበበት ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም፤ እውነት ነው። ሐዘን ያቃጠለው ቤተሰብ ያገኘውን ሰው ሊከስ ይችላል። የሚያዋልድና የሚቀድድ ሐኪም ደግሞ ቆዳ ከሚያክመው ይልቅ ብዙ ቅሬታ ቢቀርብበት አይገርምም፤ ሥራው ሞት አፋፍ ላይ ነውና። ስለዚህ እኔም ቅሬታው ሁሉ በስም ይለጠፍ አላልኩም። ይውጣ የምለው ተመርምሮ፣ ሐኪሙ ተሰምቶ፣ ይግባኙ አልቆ ጥፋት የተባለው ነው። ከነምክንያቱ! ጥፋት ያልተገኘበት ደግሞ ነጻ መባሉ ይውጣ። እንዲያውም ዛሬ ስም የሚያጠፋው ምስጢሩ ነው። መዝገብ በሌለበት አገር ሐሜት መዝገብ ይሆናል፤ ከሐሜት ደግሞ ይግባኝ የለም።

«ሐኪሞች ፈርተው ከባድ በሽተኛ አይነኩም» ይላሉ። ይህ ከሁሉም የጠነከረው ክርክር ነው፤ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በኒውዮርክ የልብ ቀዶ ሐኪሞች በሽተኞች የሞት መጠን በየሐኪሙ ስም ሊወጣ ሲል የተባለው ይኸው ነበር። የክፍለ ግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት መረጃውን በስም አልሰጥም አለ። ኒውስዴይ የተባለው ጋዜጣ የመረጃ ነፃነት ሕጉን ጠቅሶ ፍርድ ቤት ሄደና ረታ፤ እ.ኤ.አ. በ1991 መረጃው ወጣ። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም። መፍትሔው ግን መደበቅ ሳይሆን በትክክል ማመዛዘን ነው። የበሽተኛው ሕመም ክብደት ተሰልቶ ነው የሐኪሙ ውጤት የሚለካው፤ ኒውዮርክም ያደረገችው ይህንኑ ነው። የኛም አገር የመረጃ ነፃነት አዋጅ፣ አዋጅ ቁጥር 590፣ በ2000 ዓ.ም. ወጥቷል። ተጠቅሞበት የሐኪም ቅጣት ዝርዝር የጠየቀ ጋዜጠኛ ካለ እጁን ያውጣ።

«ተቆጣጣሪው ያውቃል፤ ሕዝቡ ማወቅ የለበትም» የሚሉም አሉ። ለእነዚህ እንግሊዝ ትመልስላቸው። ሃሮልድ ሺፕማን የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1976 ፔቲዲን የተባለውን ማስታገሻ ለራሱ ሱስ ሲል የሐሰት ማዘዣ እየጻፈ በማውጣቱ ተፈርዶበት 600 ፓውንድ ተቀጣ። የሐኪሞቹ ተቆጣጣሪ ምክር ቤት ያደረገው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጻፍ ብቻ ነበር። በማግስቱ ዓመት ሌላ ከተማ ሄዶ ሥራ ጀመረ። ሲቀጠር ለባልደረቦቹ ጉዳዩን ነገራቸው፤ በሽተኞቹ ግን አያውቁም ነበር። በ2000 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 15 በሽተኞችን በመግደል ተፈረደበት። ኋላ የተቋቋመው አጣሪ ጉባኤ የገደላቸውን 215 አደረሳቸው። ይህ ስህተት አይደለም፣ ግድያ ነው፤ ከተራ ጥፋት ጋር አንድ አላደርገውም። አጣሪዋ ዳኛ ጃኔት ስሚዝ ግን በ2004 ባወጡት ሪፖርት ምክር ቤቱን ከበሽተኛው ይልቅ ለሐኪሙ ያደላል ብለው ወቀሱት። ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ ማንም ሰው የሐኪሙን ስም ጽፎ ፈቃዱንና ታግዶ ወይም ተገድቦ እንደሆነ ማየት ይችላል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም እንዲሁ፤ የየግዛታቸው የሐኪሞች ቦርድ ቅጣቱን በስም ያወጣል። ግን ስንቶቻቸው ከፍተው ያያሉ? ምግብ ቤት ለመምረጥ ግማሽ ሰዓት አስተያየት ሲያነብ የሚያመሸው ሰው፣ አከርካሪውን ለሚቀድደው ሐኪም «ያገራችን ልጅ ነው» ይበቃዋል።

የመጨረሻው ተቃውሞ «በገጠር አንድ ሐኪም ለስንት ሺህ ሰው ነው፤ ምን ምርጫ አለና ነው?» የሚለው ነው። ልክ ነው፣ ምርጫ የለም። ምርጫ ለሌለው ሰው ግን ይበልጥ ነው ጥበቃ የሚያስፈልገው። ከተማ ውስጥ ችግር የፈጠረ ሐኪም «ወደ ክልል ይሂድ» ተብሎ ቢሸኝ የሚቀበለው ማን ነው? መምረጥ የማይችለው ገበሬ ነው። የወረዳው ሆስፒታል ከመቅጠሩ በፊት መዝገቡን ማየት ቢችል ገበሬው ባያነብም ይጠበቃል።

ጥፋቱን ሁሉ ግን ለመንግሥት ሰጥተን እንዳንገላገል። እኛ ራሳችን አንከስም። ቂም መያዝ እናውቃለን፣ መርገም እናውቃለን፣ በሰፈር ማማት እናውቃለን። ቁጭ ብሎ በአንድ ገጽ ወረቀት «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሐኪም ቤት፣ ይህ ተደርጎ ይህ ደረሰ» ብሎ መጻፍ ግን ሞት ነው። «ሞቱን አይመልሰው» እንላለን። አዎ፣ የኛን ሟች አይመልሰውም፤ የጎረቤታችንን ግን ሊያስቀረው ይችላል። ዝም አይነቅዝም የሚለው ተረት እዚህ አይሠራም። ነቅዟል! አራተኛዋ ሴት ወረፋ የያዘችው እኛ ስለ ሦስተኛዋ ዝም ስላልን ነው።

እስከዚያው ምን እናድርግ? ድንገተኛ ከሆነና ደም የሚፈስ ከሆነ ወደቀረበው መሮጥ ነው፤ ጥያቄ የለም። ቀጠሮ ተይዞ የሚደረግ ሕክምና ሲሆን ግን ጊዜ አለን። የሐኪሙን ሙሉ ስምና የሙያ ፈቃዱን እንጠይቅ፤ ፈቃዱ ታድሷል? ስፔሻሊስት ነኝ የሚለው በምንድን ነው? «ዶክተር፣ ይህን ቀዶ ሕክምና ስንት ጊዜ ሠርተውታል? ችግር ቢፈጠር ማን ያግዝዎታል? ደም ተዘጋጅቷል?» እንበል፤ በትሕትና፣ አንቱ እያልን። መልሱን ብቻ ሳይሆን ፊቱንም እንይ። ጥሩ ሐኪም ሲጠየቅ ያስረዳል። «አንተ ነህ ሐኪሙ ወይስ እኔ?» ብሎ የሚቆጣውን አመስግናችሁ ሌላ ዘንድ ሂዱ። የምርመራ ውጤታችንን ቅጂ እንያዝ። የሚቻለው ሰው ደግሞ ሌላ ሐኪም ያማክር።

የሚመለከታችሁ ሆይ! ከእናንተ የሚፈለገው ብዙ አይደለም። ያለቀ ውሳኔ በስም ይውጣ፤ ቀላሉ ጥፋት ከዓመታት በኋላ ከመዝገብ ይነሳ፣ ሰው ይታረማልና። በምርመራ ላይ እያለ ሥራ የለቀቀን ሐኪም ሆስፒታሉ የማሳወቅ ግዴታ ይኑርበት። ቀጣሪው ሳያጣራ ቢቀጥር ይጠየቅ። ይህ ሁሉ ከአንድ ኮምፒዩተርና ከአንድ ቅን ሠራተኛ የበለጠ ወጪ የለውም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያላችሁ እኛን የምትመክሩን እናንተ ናችሁ። እኛ ልብሳችንን አውልቀን፣ የማይነገረውን ነግረን፣ ሽንታችንን በብልቃጥ ይዘን ፊታችሁ ቆመናል። አሁን ተራው የእናንተ ነው።